ጠበልና ክኒን፦ በመንፈስ እምነትና በአእምሮ ሕክምና መካከል

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት የብዙ ቤቶቻችንን አካሄድ ዛሬም ድረስ በትክክል ያሳያል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር አካባቢውን ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሰዎች የተለያዩ ሕመምተኞችን ታሪክ እየነገሩ፣ ይህ ምን ይባላል፣ ወዴትስ ይወሰዳል እያሉ ጠየቁ። መልሱ ሁለት መንገድ ያዘ። የአካል ሕመም ከሆነ ሐኪም ቤት፤ የአእምሮ ከሆነ ግን የባህልና የሃይማኖት ፈውስ። ሰዉ ቶሎ የሚለየው ምልክትም የሚለፈልፈውን፣ የሚጋጨውን፣ ከወትሮ ጠባዩ የወጣውን ነበር። በዚህ መለኪያ ጥግ ይዞ ዝም ያለ፣ እህል የጠላ፣ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን የሚያነጋ ሰው ታማሚ ሆኖ መቆጠሩ ይከብደዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ብዙም አልተለወጠም። በዚህ ዳሰሳ የማነሣው ጥያቄ መንፈስ አለ ወይስ የለም የሚለው አይደለም። ያንን ሐኪም በመርፌ አይፈታውም፣ ጸሐፊም በብዕሩ አይዘጋውም። የማነሣው ሌላ ነው፦ አንድ ሰው «መንፈስ ያዘው» ከተባለበት ቀን ጀምሮ ምን ይደርስበታል? ማን ይቀርበዋል፣ ማን ይርቀዋል፣ ምን ይሰጠዋል፣ ምንስ ይከለከላል?

ከሩቅ ለሚያየው «የመንፈስ እምነት» አንድ ነገር ይመስላል። በቅርብ ሲታይ ግን ዛር፣ ቡዳ፣ ጋኔን፣ ጂን፣ መተትና እርግማን ለየራሳቸው ናቸው፤ ታማሚውን የሚያስቀምጡበት ቦታም አንድ አይደለም።

ዛርን እንውሰድ። የድሮ ሰዎች የሚያወሩት አፈ ታሪክ ዛርን ከሔዋን ልጆች ይጀምረዋል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው በመጣ ጊዜ ዓይን እንዳይገባቸው ፈርታ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀቻቸው፤ እንደተደበቁም ቀሩ። ስለዚህ ዛር በዚህ አተራረክ የሰው ወንድም ነው። ይለመናል፣ ይለማመጡታል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ሽቶ ይረጭለታል፣ በየዓመቱ የሚፈልገው ዶሮ ወይም በግ ይታረድለታል። የተያዘው ሰው «ፈረሱ» ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ገብቶ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አያሁ በተባሉ ባለ ዛር ሴት ቤት ወራት ተመላልሷል። የጻፈው መጽሐፍ ስለ ዛር እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ዋነኞች አንዱ ሆኗል። በዚያ ቤት ያየው በአብዛኛው ሴቶችን ነው፤ በባል ቤት፣ በድህነት፣ በልጅ ሞት ልባቸው የተሰበረ ሴቶችን። በራሳቸው አፍ ሊናገሩት የማይችሉትን በዛሩ አፍ ይናገሩ ነበር። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስትም እ.ኤ.አ. በ1958 የዛርን ማኅበር እንደ የቡድን ሕክምና ቆጥሮ ጽፎበታል።

ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። የዛር ቤት ለብቸኛዋ ሴት ጉባኤ ሰጥቷታል፤ ለሕመሟም ስምና ሥርዓት። ልቧ ያዘነ፣ ሰውነቷ ያለ ምክንያት የደነዘዘ ሴት ከዚያ ቀልሏት ወጥታ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ቤት ዕድሜ ልክ የማያልቅ ግብርም ይጠይቃል፤ ድሃ ቤተሰብ በዛር ግብር ጥሪቱ ይሟጠጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ድምፅ እየሰማ ጎረቤቱ ሊገድለው እንደሚያሴር የሚያምን ወጣት በከበሮና በእጣን ሲድን አላየንም።

ቡዳ ከዚህ ይለያል፤ ለእኔ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ያደረሰው አስተሳሰብ ይህ ነው። ዛር ሲይዝ ማንም አይከሰስም። ቡዳ ሲበላ ግን በላተኛ ይፈለጋል። ታማሚው በጭስ ታፍኖ ወይም ጠበል እየተረጨበት «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በጭንቅ ውስጥ ሆኖ የጠራው ስም የአንድ ጎረቤት ስም ነው። ያ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ሸማኔ ነው፤ መሬት ያልተሰጠው፣ በእጁ ሙያ የሚያድር ሰው። በጎንደር ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት በዚህ ስም ተፈርተው፣ ተገልለው፣ ተደብድበውበታል። አንድ ሰው ታመመ፤ በእሱ ሕመም ምክንያት ሌላ ጤነኛ ሰው ተቀጣ። ስለ ባህል መከበር ስንናገር ይህንን አብሮ ማየት ግድ ነው።

ጋኔን ወይም ርኩስ መንፈስ የሚባለው ደግሞ አይለመንም፤ ይባረራል። እዚህ ላይ ጠበሉ፣ መስቀሉ፣ መቁጠሪያው፣ በፕሮቴስታንቱ በኩል የነጻ ማውጣት ጸሎቱ፣ በሙስሊሙ በኩል ሩቅያው ይመጣል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጊዮን፣ የዛሬዋ ወሊሶ፣ አባ ወልደ ትንሣኤ የተባሉ አጥማቂ ከመላ አገሪቱ ሕዝብ ይጎርፍላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ኺል ከኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር ሄደው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ። ሐኪም ወደ ጠበል ሄዶ በአክብሮት መመልከቱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ ጉብኝት እስከ እውነተኛ ትብብር ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለፉ ነው።

ሰው ለምን ጠበል ይሄዳል? «ስላልተማረ» የሚለው መልስ ስንፍና ነው። የተማሩም ይሄዳሉ። ሰሜን ሸዋ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የደረሰ ቤተሰብ የሚያገኘውን እናስብ። ቀጠሮ የለም፤ ካርድ የለም፤ የሚከፈለው በአቅም ነው። ወር ሙሉ የሚቀመጡበት ማደሪያ፣ በተመሳሳይ ጭንቅ ውስጥ ያሉ ሌሎች እናቶች፣ ሌሊት የሚያነቃ ደወል፣ ጾም፣ ስግደት፣ ቅዱስ ቁርባን። ታማሚው የቀን ሥርዓት ያገኛል። ከሁሉ በላይ «ይድናል» የሚል ሰው አለ። በሌላው ወገን የነበረው ምን ነበር? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከጎጃም ወይም ከባሌ የሚነሣ ቤተሰብ የሚጮህ ልጁን በአውቶቡስ አሳፍሮ መርካቶ ጥግ ድረስ ማምጣት ነበረበት። በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በራሱ ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባብሮ ነው። ከዚያ በፊት የአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት ይቆጠሩ ነበር። ሕዝቡ ሐኪም ትቶ ጠበል ሄደ ከማለታችን በፊት ሐኪሙ የት ነበር ብለን እንጠይቅ።

የመዘግየቱ ዋጋ ግን ከባድ ነው፤ በቁጥርም ታውቋል። በቡታጅራ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ከእነርሱ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። የአሥር ዓመቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ 919 ከነበሩት ታማሚዎች 121 ሞተው ነበር። የሞቱት ከሌላው ሕዝብ በአማካይ ወደ 28 ዓመት ቀድመው ነው። ምክንያቱ በግማሽ ያህሉ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያም አሉበት። ይህን ደግሜ ሳስበው የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ፦ ብዙዎቹ የሞቱት ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያክመው በሚችል በሽታ ነው። «እሱ እብድ ነው» የተባለ ሰው ሲያስለው ማንም ሳንባ ነቀርሳ አይጠረጥርለትም።

ሰንሰለቱ ደግሞ አለ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በቤታቸው ለምን እንደሚታሰሩ ቤተሰቦቻቸውን ጠይቋል። የታሰሩት በጭካኔ አልነበረም። እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ታማሚው ጫካ እንዳይገባ፣ የሰው ከብት መትቶ እንዳይገደል፣ ወደ ሐኪም ቤት እስኪወሰድ እንዳይሮጥ ነው። በሌላ መንገድ መያዝ አቅቷቸው ነው። በየጠበሉ ቦታም እግሩ የታሰረ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ለአማኝ ወገኖቼ አንድ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው በሰንሰለት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ጌታ አላሰረውም። ፈውሶ፣ አረጋግቶ፣ ወደ ቤተሰቡ ሰደደው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና የወደቁ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያነሣ አንድ ማኅበር ጌርጌሴኖን ብሎ ራሱን የሰየመው ከዚያ ታሪክ ነው። ያንን ስም የያዙ ሰዎች ሕሙማኑን ሲያጥቡ፣ ሲያለብሱና መድኃኒት ሲያስውጡ እምነታቸው አልቀነሰም።

የሚጥል በሽታ ታሪክ ከሁሉም ቁልጭ ያለ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በመስቃንና ማረቆ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ በሽታው ከ1,000 ሰው በ5.2ቱ ላይ እንደሚገኝ አሳየ። መድኃኒት ያገኙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ሌላው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጢሱን እንዲያሸት ይደረጋል፤ «ይጋባል» ተብሎም ማንም አይነካውም፤ እሳት ላይ ሲወድቅ እንኳ የሚያነሣው ይጠፋል። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን ብዙዎቹን ከመውደቅ ሊያድን ይችል ነበር። በሌላውም ዓለም ይህ ደርሷል። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1976 ለሚጥል በሽታ ትታከም የነበረች የ23 ዓመት ተማሪ ከ60 ጊዜ በላይ የአጋንንት ማስወጣት ሥርዓት ሲፈጸምባት ቆይታ፣ በረሃብና በውኃ ጥም ሞታለች። ወላጆቿንና ሁለት ካህናትን በ1978 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸዋል።

ስለ አራስ ሴት ትንሽ ልበል፤ ሁልጊዜ ይዘለላልና። የእኛ ሰው አራስን ብቻዋን አይተዋትም፤ ብረት ከራስጌዋ ያኖራል። ውርዝልያ ሕፃኑን እንዳትገድል ቅዱስ ሱስንዮስ የተሣለበት የብራና ክታብ በአንገቷ ይንጠለጠላል። ይህ ልማድ በውስጡ የተደበቀ እውቀት አለው፦ ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለአእምሮም አደገኛ ናቸው፤ በዓለም ሁሉ ከባድ የአእምሮ መታወክ በእነዚያ ሳምንታት በብዛት ይነሣል። አራስን ማስታመሙ ይቀጥል። ሕፃኗን የማታውቅ፣ የማትተኛ፣ ያልተለመደ ነገር የምትናገር አራስ ግን ክታቡን እንዳንጠለጠለች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

አገር የለቀቁትም ይህን ጥያቄ ይዘውት ሄደዋል። በ1984 እና በ1991 (እ.ኤ.አ.) የማጓጓዝ ዘመቻዎች እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤሎች መካከል ዛር የያዛቸው ሲታዩ፣ የአገሩ ሐኪሞች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ኋላ የአገሩ ሐኪም ኒምሮድ ግሪሳሩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ሁሉ እብደት እንዳልሆነ፣ በመንገድ ላይ የሞቱትን ወገኖች ኀዘንና የስደትን ጭንቅ እንደሚሸከም ለባልደረቦቻቸው አስረዱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የበሽታዎች መመደቢያ ዛርን በስም መዝግቦት ነበር። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መመደቢያ ደግሞ በመንፈስ መያዝን በሽታ የሚለው ሰውየውን ሳይፈልግ ሲያሠቃየውና ሲያውከው እንጂ ኅብረተሰቡ በሚቀበለው ሥርዓት ውስጥ ሲከሰት አይደለም። ሳይንስ በዚህ በኩል ትሕትና ተምሯል።

የዓረብ አገር ተመላሾች ጉዳይ ግን ገና አፍ አውጥተን ያልተናገርነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከእነርሱ ውስጥ ራሳቸውን የማያውቁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች መጠለያ ሰጧቸው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አሠሪዋ አስደግማባት ነው» ወይም «ጂን ይዟት ነው» ይላል። ያለ እንቅልፍ መሥራቱ፣ መዘጋቱ፣ መደብደቡ፣ መደፈሩ በዚህ ቃል ሥር ይቀበራል። ልጅቷም ያየችውን ለመናገር አትገደድም፤ ቤተሰቡም ላለመስማት ይመቸዋል። የመንፈስ ትርጓሜ ከሚሠራው ጉዳት አንዱ ይህ ነው፦ ሰው በሰው ላይ የሠራውን ግፍ ለማይታይ ኃይል አሸክሞ ይዘጋዋል።

በተቃራኒው «የአንጎል በሽታ ነው» ማለት ብቻውን ፍቅር አያመጣም። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች፣ ሰዎች የአእምሮ ሕመምን በዘርና በአንጎል ኬሚካል ሲያስረዱ ታማሚውን መውቀሳቸው ቢቀንስም መፍራታቸውና መራቃቸው እንደማይቀንስ አሳይተዋል። በእኛም አገር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት የታማሚ ቤተሰቦች 75 ከመቶው መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል ብለዋል፤ ሰው ከእኛ ጋር መጋባት አይፈልግም ያሉም ነበሩ። ጋብቻ የሚያፈርሰው ትርጓሜው «ዛር» ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ «በዘር ይሄዳል» የሚለውም ያፈርሳል።

ታዲያ አመለካከትን የሚለውጠው ምንድን ነው? በእኔ እምነት የዳነ ሰው ማየት ነው። ለዓመታት ታስሮ የነበረ የጎረቤት ልጅ መድኃኒት ጀምሮ በወራት ውስጥ ሞፈር ሲይዝ ያየ መንደር ሌላ ሰባኪ አያሻውም። ይህ እንዲሆን ሕክምናው ቅርብ መሆን አለበት፤ መሆንም እንደሚችል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ፣ በኢትዮጵያ ገጠር የተካሄደ ጥናት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጡት ባልተናነሰ ሁኔታ መከታተል እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በሶዶ የወጣ ሌላ ውጤት ደግሞ፣ ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ቤት ድረስ እየሄዱ የሚደግፉ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ሲኖሩ ታማሚው ሥራ የመሥራትና ከሰው የመኖር አቅሙ እንደሚሻሻል አረጋገጠ። የጎደለው እውቀት አይደለም። መድኃኒቱ በየወሩ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ አለመጥፋቱ፣ የሠለጠነው ነርስም በዓመቱ አለመዛወሩ ነው።

ከጠበሉም ጋር መንገዱ ተከፍቷል። የመጀመሪያው በር የተከፈተው በኤች አይ ቪ ነው። እንጦጦ ማርያም ብዙ ታማሚዎች ጠበል ስንጠመቅ መድኃኒት አንወስድም እያሉ ሲሞቱ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናገሩ። አንድ የአባት ቃል ስንት የጤና ሚኒስቴር ፖስተር ያላደረገውን አደረገ። በአእምሮ ሕመም ረገድም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተስማምተው በአዲስ አበባ አንድ የጠበል ቦታ ላይ ክሊኒክ ከፍተው ሠርተዋል፤ ልምዱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። አጥማቂው ይጸልያል፣ ሐኪሙ ያክማል፤ አንዱ ሌላውን አያስወግደውም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ራሱ ፈጣሪ ነው ይላል።

ይህ ትብብር እንዲሰፋ እመኛለሁ፤ ሳይሸፋፈን መባል ያለበት ግን አለ። ታማሚን መደብደብ ጸሎት አይደለም። ለብዙ ቀናት ምግብና ውኃ መከልከልም ሱባኤ አይደለም። ራሱን ያላወቀ ሰው ሲጮህና ሲንከባለል በካሜራ ቀርጾ ለሕዝብ ማሰራጨት ደግሞ በማንኛውም ሃይማኖት ሚዛን ነውር ነው። ያ ሰው ነገ ይድናል፤ ሥራ ይፈልጋል፣ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል። ያ ምስል ግን አይጠፋም። ፈቃዱን ሊሰጥ የማይችልን ሰው ምስል ማሰራጨት በሕግ እንዲከለከልና ክልከላውም በተግባር እንዲውል፣ ሐኪሞችም የሃይማኖት አባቶችም በአንድ ድምፅ ሊጠይቁ ይገባል።

አሁን ይህን የምታነብ፣ በቤትህ ወይም በዘመድህ ቤት የታመመ ያለ ሰው፦ ጠበል ውሰደው፣ አስጸልይለት፣ ሩቅያም ካስቀራህ አስቀራለት። ነገር ግን ተከታታይ ቀናት እንቅልፍ ካጣ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ካለ፣ ስለ መሞት ከተናገረ ነገ አትበል። ቅርብህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ዛሬውኑ ውሰደው። መድኃኒት ከጀመረ ተሻለው ብለህ፣ ወይም ጠበል ላይ ነው ብለህ፣ ያለ ሐኪሙ ምክር አታቋርጥበት፤ የሚጾም ከሆነም ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚውጥ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን አማክር። እናንተም አባቶች፣ ሼኮችና ፓስተሮች፣ ወደ እናንተ የመጣውን ታማሚ ከመጸለያችሁ በፊት «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካለም እንዳያቋርጥ እዘዙት። የእናንተን ቃል ይሰማል።